ስልኩ ዞሮ ያለፈው የቀፎ ዛፍ

ከጅማ መነሣት

ከጅማ የተነሣሁት ልጄን ወደ ቤት ለመመለስ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አንባቢ በመንገዱ ሁሉ ምን ሐሳብ ይዤ እንደሄድኩ እንዲያውቅ ብዬ ነው።

መቅደስ የመጨረሻ ልጄ ናት። ሕግ አጥንታ በጥሩ ውጤት ተመርቃለች። አሁን ለሁለተኛ ዲግሪዋ ሕግና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚቀርጽ አጠናለሁ ብላ ሚዛን ተፈሪ ቤት ተከራይታ ተቀምጣለች። በዚህ መካከል ጅማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት በነገረ ፈጅነት ሊቀጥራት ፈለገ። እስከ ሰኞ ቀርባ ካልፈረመች ቦታው ለተከታዩ ተወዳዳሪ ይሰጣል። በስልክ ስነግራት፣ «አባዬ፣ አሁን ትቼው አልመጣም» አለች። ይህ ለእኔ መልስ አይደለም። እናቷ አስቴርም፣ «በስልክ ከምትጮህባት ሄደህ ይዘሃት ና» አለችኝ።

እኔ አናጢ ነኝ። ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን የገዛሁት ከአንድ ጎረቤት ጋር በአጥር ተካሰን ጠበቃ መያዝ ባቃተኝ ጊዜ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንብቤ፣ ራሴ ተከራክሬ ረታሁ። ስለዚህ ሕግ ለእኔ የታወቀ ነገር ነበር፤ ተጽፏል፣ ታትሟል፣ አንቀጽ አለው። ስልክ ግን ዕቃ ነው። መዶሻ ሕግን ካልቀረጸ ስልክ እንዴት ይቀርጻል? ዓርብ ጧት መናኸሪያ ስገባ በልቤ የነበረው ይህ ነው።

ዓርብ፣ በቦንጋ በኩል

ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀኝ። ታሪፉን በጣቴ አሳየሁት። «ጋሼ፣ እሱ የተለጠፈው መንገዱ ደረቅ ለነበረበት ጊዜ ነው» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ በታሪፉ ከፈልኩና ተቀመጥኩ። ሕግን በትንሹ የማያከብር በትልቁ አያከብርም።

አጠገቤ የተቀመጡት እሜቴ ዘሃራ የሚባሉ የኮረሪማ ነጋዴ ናቸው። ባዶ ማዳበሪያዎቻቸውን ጠቅልለው እግራቸው ሥር አድርገዋል። ከክርክሩ በኋላ ዘወር ብለው፣ «ዳኛ ነዎት?» አሉኝ።

«አናጢ ነኝ።»

«እንግዲያው በርና መስኮት ላይ ይጨክኑ! ይሄ ልጅ ምን አደረገዎት?»

ቦንጋ ላይ ቆጮና ጎመን በላን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ጫካ ውስጥ ይገባል። ጥቅምት ቢሆንም ዝናቡ አልለቀቀም፤ ጉም ከዛፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ አስፋልቱን ይነካል። ከዛፍ ጥላ ሥር ቡናው ቀልቷል። የጅማ ሰው ስለሆንኩ ቡና አያስደንቀኝም፤ ያስገረመኝ የዛፎቹ ቁመት ነው። አናጢ ዛፍ ሲያይ ጣውላ ያያል፤ እኔም ስንት በር እንደሚወጣው እየገመትኩ ሄድኩ። ቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ግንድ ቁራጭ የተጋደሙ ረጃጅም ነገሮች አየሁና ምን እንደሆኑ ጠየቅሁ።

«ቀፎ ነው» አሉ እሜቴ ዘሃራ። «እኛ ኮረሪማ ልንገዛ ጫካ ስንገባ፣ ቀፎ ያለበትን ዛፍ ከሩቅ ነው የምንዞረው። ባለቤቱ ሳይኖር ሥሩ ከቆምክ፣ ማሩ የጎደለ ለት ስምህ ይነሣል።»

ይህን ነገር ልብ ብዬ ባዳምጠው ኖሮ ከማግስቱ ስሕተቴ በዳንኩ ነበር።

ሚዛን ተፈሪ

ሚዛን የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከተማዋ ከተራራ ሥር ወደ አማን እየተዘረጋች ትሄዳለች። መናኸሪያው ውስጥ ወደ ማጂ የሚሄድ መኪና ላይ ጨውና ቆርቆሮ ይወረወራል፤ ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ይሽሎከለካሉ፤ ከሸዋ ቤንች የመጣ ሙዝ በየጥጉ ተከምሯል። በሃምሳ ብር ገዝቼ ለብቻዬ ልጨርሰው አልቻልኩም።

መቅደስ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የፕላስቲክ ቦት አድርጋ መጣች። ጉልበቴን ልትስም ስታጎነብስ ትከሻዋን ያዝኳት። ከስታለች። ከመጠየቄ በፊት፣ «ደኅና ነኝ፣ እየበላሁ ነው» አለች፤ እናቷ የምትጠይቀውን እንደምጠይቅ ታውቃለች።

ክፍሏ ውስጥ ጎደሬ ቀቅላ በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። እየበላሁ፣ «እስቲ ይህ ጥናትሽ ለአንድ ሰው የሚጠቅመውን ነገር አሳዪኝ። ካየሁ ዝም እላለሁ። ካላየሁ እሑድ አብረን እንሳፈራለን» አልኳት።

«እሺ» አለች። ቶሎ እሺ ማለቷ አስገረመኝ።

ነገሩን እንዲህ አድርጋ አስረዳችኝ። ቡናችንን ከሚገዙን አገሮች አንዳንዶቹ ሕግ አወጡ፤ ጫካ ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አንገዛም፣ ቡናው የበቀለበትን ማሳ በካርታ አሳዩን የሚል። ያ ሕግ እዚህ ሲደርስ ስልክ ሆነ። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለገበሬው ስልክ ይሰጠዋል፤ ገበሬው ስልኩን ይዞ የማሳውን ዳር ዳር ይዞራል፤ የረገጠው ሁሉ መስመር ይሆናል፤ መስመሩ ሲገጥም የማሳው ካርታ ተሠራ ማለት ነው። በካርታው ላይ የአንድ ሰው ስም ይጻፋል።

«ጥሩ ነዋ!» አልኩ። «ድንበር ከታወቀ ጠብ የለም።»

«ነገ ከሼኮ ወዲያ ሁለት ሰዎች በዚህ ካርታ ለሽምግልና ይቀመጣሉ። ከዚህ በፊት ተጣልተው አያውቁም። እንዳዳምጥ ፈቅደውልኛል፤ አንተንም አስፈቅጄልሃለሁ። ግን አባዬ፣ ማዳመጥ ብቻ ነው።»

«እኔ መቼ ተናገርኩ?» አልኳት። ሳቋን መያዝ አቃታት።

ቅዳሜ፣ የቡና ማድረቂያው አጠገብ

ጧት በሚኒባስ በቴፒ መንገድ ሄድን። አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ ተበልቶ ቀይ ጭቃው ወጥቷል። ከዋናው መንገድ ወርደን ሽቅብ ስንጓዝ በጭቃው ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለተኛው ላይ መቅደስ እጇን ብትዘረጋ በራሴ ተነሣሁ።

ሽምግልናው የተቀመጠው ከማኅበሩ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች አጠገብ ነው። ሰብሳቢው አቶ ኃይሌ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው፤ ጉዳዩን በጸሎት ከፈቱት። አንዳንዱ በሼኮኛ ይናገራል፤ ኤልያስ የሚባል የማኅበሩ ሠራተኛ፣ ስልኩን የሚያስዞረው ሰው ማለት ነው፣ ለእኔ ወደ አማርኛ ይተረጉምልኛል።

በመጀመሪያ የተናገረው ባለ ቡናው አቶ ጴጥሮስ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲናገር ባርኔጣውን የሚያሽከረክር ገበሬ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ማሳህን ዙር ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ዞርኩ። ዳር ላይ የጋሽ ወልዴ የቀፎ ዛፎች አሉ። እሳቸው አልነበሩም። እሳቸው በሌሉበት እንዴት ጥላው ውስጥ ልግባ? ከዛፎቹ በውስጥ በኩል ታጥፌ አለፍኩ።»

«ለስልኩ እንኳ ብትነግረው ምን አለ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ምን ብዬ? ቆይ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው ልበለው?»

ሁሉም ሳቀ። ኤልያስ ካርታውን አሳየኝ። የጴጥሮስ ማሳ አይጥ ዳሩን የበላው ቂጣ መስሏል፤ በየቀፎው ዛፍ ቦታ አንድ አንድ ጉርሻ ጎድሏል። የአካባቢው ሰው አንዱም አልተገረመም። እነሱም ቢሆኑ የሚዞሩት እንደዚያው ነው። እኔ ብሆን ወይም ሌላ የከተማ ሰው ቢሆን ቀጥ ብለን በዛፎቹ ሥር እናልፍ ነበር፤ ካርታውም ልክ ይሆን ነበር። የጴጥሮስን ካርታ ያበላሸው ጨዋነቱ ነው።

የተረፈው ነገር ግን የሚያስቅ አይደለም። በዛፎቹ ሥር ያለው ቡና፣ ከጴጥሮስ ማሳ ምርጡ፣ በካርታው ላይ ጫካ ሆኗል። ማኅበሩ ከካርታ ውጭ የሆነ ቡና መቀበል አይችልም። ቡናው ደግሞ ደርሷል፤ መርገፍ ጀምሯል። መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ጋሽ ወልዴ «ግቡ» ይበሉና መስመሩ ከዛፎቹ በውጭ በኩል ይዙር። ጋሽ ወልዴ ግን እንቢ ብለዋል።

ሽማግሌው ቀጭን ናቸው፤ ክንዳቸው ግን ዛፍ ሲወጡ የኖሩ መሆናቸውን ይናገራል።

«ዛፎቹን የያዘው አባቴ ነው» አሉ። «ጴጥሮስ ቡናውን ሲተክል ቀፎው ላያቸው ላይ ነበር። ቡና ሲለቅም ይጠራኛል፤ ቀድሜ እገባለሁ፤ ግቡ እላለሁ። ማር ስቆርጥ ለልጆቹ እሰጣለሁ። ጠብ የለንም። አሁን ግን መስመሩ ይዙር ስትሉኝ ዛፌ ከጴጥሮስ ስም ውስጥ ይገባል። ጴጥሮስን አምነዋለሁ። ልጁ ከተማ ነው፤ አላውቀውም። ነገ መጥቶ ስልኩን ገልጦ፣ ይህ ዛፍ ከአባቴ መሬት ውስጥ ነው፣ ጣውላ አደርገዋለሁ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«የእርስዎንም ስም አብረን እንጻፋ» አለ ጴጥሮስ።

ኤልያስ ራሱን ነቀነቀ። «የስም ቦታው አንድ ነው። ሁለት አይቀበልም።»

አቶ ኃይሌ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዳው ሕግ ያውቃሉ አሉ። ይናገሩ።»

መቅደስ አየችኝ። እኔ ግን ተጠይቄአለሁ፤ የተጠየቀ ሰው ያወቀውን መደበቅ የለበትም። ተነሥቼ፣ በመጽሐፉ መሠረት ዛፍ ተቆርጦ እስኪለይ ድረስ የመሬቱ አካል እንደሆነ፣ ስለዚህም ከመሬቱ ተለይቶ ዛፍ ብቻውን የሌላ ሰው ነው ማለት እንደሚያስቸግር በግልጽ አስረዳሁ። አንቀጹን ሳይቀር ጠቀስኩ።

ጋሽ ወልዴ እስክጨርስ ጠበቁ። «ሰማችሁ?» አሉ። «የጴጥሮስ ልጅ ከተማ ድረስ መሄድ አላስፈለገውም፤ ጠበቃው እዚሁ መጣለት።» ዱላቸውን አንሥተው ወደ ጫካው ወረዱ።

መቅደስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባዬ፣ የፈሩትን ነው በአንቀጽ የነገርካቸው» አለችኝ።

ከዛፉ ሥር

ሰው ያስከፋ ራሱ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ልጆቼን ያሳደግኋቸው እንዲህ ነው። ተከትያቸው ወረድኩ። አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ሥር ቆመው ሽቅብ ያያሉ። ጥላው ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ልግባ?»

ዞር ብለው አዩኝ። «አሁን ተማርክ» አሉ። «ግባ።»

የተናገርኩት በመጽሐፍ ያለውን እንደሆነ፣ ነገር ግን ያለ ጊዜውና ያለ ቦታው መናገሬን ነገርኳቸው። እሳቸው ይህን ትተው ስለ መጽሐፉ ጠየቁኝ።

«የጻፈው ሰው እንዲህ ያለ ዛፍ ያውቃል?»

«አይመስለኝም።»

«ስልኩን የሠራውስ?»

«እሱም አያውቅም።»

«ታዲያ ሁለቱም ስለማያውቁት ነገር ለምን ይወስናሉ?»

ሽቅብ አየሁ። ቀፎዎቹ በቅጠል ተጠቅልለው ከቅርንጫፍ ጋር ታስረዋል፤ ንቦቹ ከፍታው ላይ እንደ አቧራ ይታያሉ። ምን ያህል በር እንደሚወጣው አልገመትኩም።

በዚህ መካከል ሽማግሌዎቹ፣ ጴጥሮስ፣ ኤልያስና መቅደስ ወርደው ከጥላው ውጭ ተደርድረው ቆሙ። መቅደስ ኤልያስን በጥያቄ ይዛዋለች።

«ከስም ሌላ ስልኩ ምን ይጠይቃል?»

«የቡናውን ዓይነት። ከዚያ የባለቤቱን ፎቶ፣ ማሳው ላይ ቆሞ።»

«ፎቶው ላይ ስንት ሰው መቆም ይችላል?»

ኤልያስ ስልኩን ገልጦ አየ። «እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

አቶ ኃይሌ ወዲያው ገባቸው። «ሁለቱም ይቁሙ። ከኋላ እኛ ምስክሮቹ እንቆማለን።»

«ከፊት የሚቆመው ማነው?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ!» አለ ጴጥሮስ። «እዚህ ዛፍ ሥር እኔ ከፊት ቆሜ አውቃለሁ?»

ጋሽ ወልዴ ወደ ልጄ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ይህ ፎቶ ዛፌን ያስከብርልኛል?»

ሁሉም አዩአት። ከዚህ ሁሉ ሰው ፊት አዎ ማለት ቀላል ነበር። እሷ፣ «አላውቅም ጋሽ ወልዴ» አለች። «ፍርድ ቤት ሊቀበለውም፣ ላይቀበለውም ይችላል። እንዲህ ያለ ማስረጃ ቀርቦለት የወሰነ ፍርድ ቤት ፈልጌ እስካሁን አላገኘሁም። ከፎቶው ጋር የሽማግሌዎቹን ቃል በጽሑፍ አያይዛለሁ። ባዶ ከመሆን ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባልዎትም።»

በሕይወቴ ብዙ ጠበቃ ሰምቻለሁ። አላውቅም ያለ አልሰማሁም። ጋሽ ወልዴ ዛፉን በመዳፋቸው ነክተው፣ «ግቡ» አሉ። ኤልያስን አይተው ጨመሩ፣ «ስልኩም ይግባ።»

ጴጥሮስ ስልኩን ይዞ፣ እሳቸው ከፊቱ እየቀደሙ፣ ከዛፎቹ በውጭ በኩል ዞሩ። ለፎቶው ሲቆሙ ስልኩ ፊት የሚፈልግበት ቢጫ ሳጥን ከጋሽ ወልዴ ወደ ጴጥሮስ፣ ከጴጥሮስ ወደ አቶ ኃይሌ ይዘላል። «ዓይኑ ቀላዋጭ ነው!» አለ አንዱ። ፎቶው የተነሣው ሁሉም እየሳቁ ነው።

ቴፒ

እዚያ ኔትወርክ ስለሌለ ፎቶውን ለመላክ ከኤልያስ ጋር ቴፒ ወረድን። ቴፒ ከሚዛን ይሞቃል። ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ተደግፎ እንደ ሐረግ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁት ነገር እንዴት እንደሚበቅል አላውቅም ነበር። አንዱን ፍሬ በአረንጓዴው ብቀምሰው ዓይኔ አነባ። ምሳ ሩዝ በላን፤ በሻይ ላይ ዝንጅብሉን ሳይሰስቱ ያደርጉታል።

ኤልያስ ካርታውንና ፎቶውን ለሚያጸድቁት ሰዎች ላከ። መልሱ ሰኞ ሥራ ሲገባ ይመጣል አለ።

«ሰኞ» አልኳት መቅደስን።

«አውቃለሁ አባዬ። ሰኞ ጅማ መፈረም አለብኝ። ግን መልሱ ሲመጣ ኤልያስ ብቻውን ነው የሚያነበው። አንድ ስም፣ አንድ ፊት ካሉት እሱ አስተካክሎ ይልካል፤ ሥራው ነው፤ አይፈረድበትም። ጋሽ ወልዴ ከፎቶው እንደወጡ እንኳ አያውቁም።»

ሻዬን ጨረስኩ። ልትሸኘኝ አብራኝ ወደ ሚዛን ተመለሰች። አዎም እንቢም አላልኳትም፤ እስከ ሰኞ አስቢበት ብቻ አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ማሰቢያ ጊዜ የፈለግሁት እኔ ነኝ።

ወደ ቤት

እሑድ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ከመስኮቱ እነዚያኑ ቀፎዎች አያለሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ መጣ፤ ሕግ አውጪ ማለት በምክር ቤት ተቀምጦ እጁን የሚያወጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የስም ቦታው አንድ ይሁን ብሎ ስልኩ ውስጥ ያስገባውም ሰው ሕግ አውጥቷል። ምናልባት ሥራው እንዲቀለው ብሎ ነው፤ ምናልባትም ሁለተኛ ስም እንደሚያስፈልግ ያነሣለት ሰው አልነበረም። ያ ሕግ ግን ሳይታወጅ፣ ማንም ሳይከራከርበት፣ ሼኮ ጫካ ደርሶ አንድን ሽማግሌ ከአባታቸው ዛፍ ሥር አቁሟል። እኔ ባነበብኩት መጽሐፍ አንቀጽ በቁጥር ይፈለጋል፤ ይህን ግን ከየት ገጽ ላይ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል? እንዲህ ያለውን ሕግ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። መማርን ጨርሻለሁ ብዬ አላውቅም፤ ነገር ግን ምን መማር እንደሚገባ በልጆቼ ፋንታ ስወስን ኖሬአለሁ። ወላጅ ልጁን ሥራ ፈት እንዳትሆን መጠበቅ አለበት፤ ሥራ የሚባለውን ግን እሱ በሚያውቀው ብቻ መለካት የለበትም።

አስቴር በር ላይ ከኋላዬ ሰው ፈለገች። «ልጅቷስ?»

«ሰኞ ይታወቃል» አልኳት። ራት አቀረበችልኝ እንጂ አላናገረችኝም።

ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ቤት ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ መቅደስ ናት። ከኋላዋ ዝናብ ይሰማል።

«ኤልያስ መልሱን ከቴፒ ይዞ መጣ አባዬ። አልተቀበሉትም። በአንድ ማሳ አንድ ፊት፤ ባለቤቱ ብቻውን ተነሥቶ ዛሬ ይላክ፣ ያለዚያ ያ ቡና ዘንድሮ አይገባም አሉ።»

«ጴጥሮስ ምን አለ?»

«ብቻዬን አልነሣም አለ። ጋሽ ወልዴ በቃሌ አምነው ግቡ ብለውኛል፣ ገብቼ ላስወጣቸው አልችልም አለ። የዛፉ ሥር ቡና ለገበያ ነጋዴ በርካሽ ይሂድ ብሎ ወስኗል። ጋሽ ወልዴ እሱ ሲለቅም ዛፉ ሥር ቆመው ነው የዋሉት።»

«አንቺስ?»

«እኔማ የሁለቱን ቃል ጽፌአለሁ። ኔትወርክ ያገኘሁት አሁን መንገድ ላይ ነው፤ ከአቶ ኃይሌ ጋር ይዘነው ቴፒ እየወረድን ነው፤ ማኅበሩ ለበላዮቹ እንዲያቀርበው። ሁለተኛ የስም ቦታ ይከፈት እያልን ነው። ላይሰሙን ይችላሉ። አባዬ፣ ጅማ ያሉት ደውለው ነበር። ለምን አልመጣሽም፣ ቦታውን ልንሰጥብሽ ነው አሉ። መልሼ እደውላለሁ ብያቸዋለሁ። ምን ልበላቸው?»

አስቴር ከጓዳ ወጥታ ፊቴን ታያለች።

«ሥራ ላይ ነኝ በያቸው» አልኳት።